ሁለት አዳር ላንጋኖ

«በእናንተ ዘንድ ሴት ልጅ ከቤት ውጭ ማደሯ እንደሚከብድ እረዳለሁ» አለ አቶ ጋሻው፣ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሀል እያሽከረከረ። «ግን ወይዘሮ ጀነት፣ ዘመኑንም ማየት ነው። ልጅቷን አይቆልፉባት።»

ጀነት የመጣችው ለሌላ ነገር ተዘጋጅታ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህሩ ደውሎ «ስለ ጉዞው እንነጋገር» ካላት ጀምሮ፣ መጋረጃ ከምትሰፋበት ከተክለ ሃይማኖት እስከ ልደታ በእግሯ ስትመጣ፣ መንገዱን ሙሉ ንግግር ስታሰናዳ ነው የመጣችው። የባሏ ብየዳ ቤት ለመንገድ ሥራ ከተነሣ ወዲህ እጃቸው እንዳጠረ፣ ቢሆንም የልጆቹን የወር ክፍያ አንድም ጊዜ እንዳላሳለፉ፣ ለላንጋኖው ጉዞ ግን ብር ከየትም እንደማያመጡ ልትነግረው፤ በመጨረሻም «ልጄን ሰልፍ ላይ ስሟን አይጥሩብኝ» ብላ ልትለምነው ነበር። አሁን ግን ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ሆነባት። ሰውየው ስለ ብር ትንፍሽ አላለም።

«ማን ነው የቆለፈባት?» አለች።

«ኢክላስ ራሷ ነግራናለች። እባክዎ እንዳይቆጧት፤ የተናገረችው በትሕትና ነው። ‹አባቴ በሃይማኖታችን ሴት ልጅ ውጭ አታድርም ስላለ አልሄድም› ነው ያለችው መምህሯን።» ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ድምፁን አለሰለሰ። «እኔ ሃይማኖት አከብራለሁ። ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር አብረን ነን። ግን ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ፣ ጓደኞቿ ሐይቅ ዳር ሲማሩ እሷ ቤት ስትቀር ያመኛል። የሴት ልጅ ነገር ያንገበግበኛል፤ ምን ላድርግ!»

ከጀርባዋ ወረፋ የያዙ ሁለት ወላጆች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። ጸሐፊዋም ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ፣ ጀነትን ከሻርፗ እስከ ጫማዋ በሐዘኔታ አየቻት።

እዚህ ላይ ጀነት «ውሸት ነው» ማለት ነበረባት። ባሏ ሙደሲር እንኳን ልጁን ሊቆልፍ፣ የጉዞው ወሬ እንደተሰማ «ጀልባ አለ አሉ፤ ትሂድና ትይ እንጂ» ያለው እሱ ነበር። ያውም ዋጋውን ከመስማቱ በፊት። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያች ቅጽበት ጀነት ደስ አላት። መንገድ ሙሉ ያሰናዳችው ልመና ሳያስፈልግ ቀረ። የለንም ብሎ አንገት ከመድፋት፣ ሃይማኖታችን አይፈቅድም ብሎ ቀና ማለት እንዴት እንደሚቀል ገባት። ሰው ያዝንልሻል እንጂ አይንቅሽም።

«እሺ» አለች። «አባቷን አነጋግረዋለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ጎበዝ!» አለ አቶ ጋሻው፤ ተነሥቶም እጁን ዘረጋላት። ጀነት ልትጨብጠው እጇን ስታነሣ፣ ሰውየው አንድ ነገር ትዝ ብሎት እጁን በድንጋጤ ሰበሰበና ደረቱ ላይ አስቀመጠው። ባለፈው ወር ስትከፍል የጨበጠችው እጅ ነበር።

ንዴቱ የደረሰባት መንገድ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ነጋ «በሰላም ግቢ፣ የኢክላስ እናት» ሲሏት ገና ፈገግ ብላ ነበር። ባቡሩ የሚያልፍበትን ድልድይ ተሻግራ ወደ ተክለ ሃይማኖት ስትታጠፍ፣ «በእናንተ ዘንድ» የምትለዋ ቃል ጫማ ውስጥ እንደ ገባች ጠጠር ትቆረቁራት ጀመር። እናንተ ማነው? እናቷ ከወሎ መጥታ እዚሁ ልደታ ነው የወለደቻት። አቶ ጋሻው ይህን ሰፈር ሳያውቀው እሷ በየጓሮው ስትሮጥ አድጋለች። ደግሞስ ሳይጠይቃት፣ «ምን ቸግሯችሁ ነው?» እንኳ ሳይላት፣ እንዴት እንዲህ በቀላሉ አመነ?

ሱቅ ተብላ የምትጠራው ቦታዋ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ የተከራየቻት ጥግ ናት፤ የልብስ ስፌት መኪናዋንና እሷን ትይዛለች፣ በቃ። ሰንጋ ተራ ለሚገኝ ቢሮ የታዘዘ መጋረጃ ከፊቷ ተከምሯል። አንዱን እጥፋት ሰፋችው፤ ጠመመ። ፈታችና እንደገና ሰፋችው፤ አሁንም ጠመመ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ስልኳን አወጣችና ለመቶኛ ጊዜ ያንኑ ማስታወቂያ አነበበች።

«ውድ ወላጆቻችን» ይላል ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው፣ በአበባና በፀሐይ ሥዕል ታጅቦ። «የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ሁለት አዳር በላንጋኖ! ጉዞው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው።» ዋጋው አሥራ ሁለት ሺህ ብር። መኝታ፣ ምግብና ቲሸርት ይጨምራል። የዋና ልብስ፣ የኪስ ገንዘብና «ምቹ ጫማ» አይጨምርም። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ለእነ ጀነት የወር የቤት ኪራይ ነው። አራት ሰው አንድ ወር የሚያድርበትን ብር አንዲት ሕፃን በሁለት ሌሊት ተኝታ ትጨርሰው ነው የሚሉት።

በፈቃደኝነት! ፈቃደኝነቱንማ አይተነዋል። ባለፈው ሳምንት ከሰንደቅ ዓላማ መስቀል በኋላ ያልከፈሉት ልጆች ስም በማይክሮፎን ተጠርቶ፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ እያያቸው ፊት ለፊት ቆመዋል። ከመካከላቸው ባሮክ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ልጆች ስሙን ትተው «ቀሪው» ይሉታል። ይህን የነገረቻት ኢክላስ ናት። የዚያን ዕለት ያልከፈሉት ሁሉ ሲጠሩ የኢክላስ ስም ለምን እንደ ቀረ፣ ጀነት ዛሬ ገና ገባት።

ማታ ቤት ስትገባ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለታናሽ ወንድሟ ለቢላል ሒሳብ ታሳየዋለች። ቤታቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ምስጢር ለማውራት አንዱን ሰው ማስወጣት ያስፈልጋል።

«ቢላል፣ ኮሪደሩ ላይ ተጫወት እስኪ» አለች ጀነት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «አባትሽ መቼ ነው ላንጋኖ እንዳትሄጂ የከለከለሽ?»

ኢክላስ እርሳሷን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ጠሩሽ እንዴ?»

«የጠየቅኩሽን መልሺ።»

«አልከለከለኝም።»

«ታዲያ ሃይማኖታችንን ምን ቤት ነው ብለሽ አስገባሽው? አላህን አትፈሪም? ባላለው ነገር አባትሽን ታስወቅሺዋለሽ?»

«ብር የለንም ብልስ፣ ኡሚ?» የልጅቷ ዐይን እንባ አቀረረ፤ አፏ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ብር የለንም ያለ ሰልፍ ላይ ይቆማል። በሃይማኖት ነው ያለን ግን ማንም ምንም አይለውም። የአብስራ እንደዚያ ነው የምታደርገው።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ላውንጅ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ ብር ከሌላት ‹ጾም ነኝ› ትላለች። ጾም ሳይሆን እኮ! ማክሰኞ ራሱ ትጾማለች። ‹ዛሬ ምን ጾም አለ?› ካሏት ‹የንስሐ ነው› ትላለች። ከዚያ ሁሉም ‹ውይ፣ ይቅርታ› ብለው ይተዋታል።»

ጀነትን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። የየአብስራን እናት፣ ወይዘሮ ሠርካዲስን፣ በደንብ ታውቃታለች። ሜክሲኮ አካባቢ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ልብሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ወላጆች ስብሰባ ላይ ቀድማ የምታጨበጭብ ሴት ናት። ለካ የእሷም ልጅ ዳቦ መግዣ ስታጣ የንስሐ ጾም ትገባለች።

ልጅቷን ልትቆጣት አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ ትቆጣት? ያው ውሸት ጠዋት ቢሮ ውስጥ በሰሃን ሲቀርብላት «እሺ» ብላ የዋጠችው ማን ነበረች?

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አለቻት።

«አልፈልግም» አለች ኢክላስ። ደብተሯን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተችው። «ጀልባው ላይ በየተራ ነው አሉ የሚያወጧቸው። ዐሥር ዐሥር እየሆኑ።»

ሙደሲር ያን ዕለት የገባው ነድዶ ነው። ብየዳ ቤቱ ከተነሣ ወዲህ ማሽኑን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሰንጋ ተራ በሚሠሩት ሕንፃዎች የመስኮት ብረት እየበየደ ይውላል። ሌላ ጊዜ ማሽኑን ሲያስቀምጥ እንኳ ጨርቅ ያነጥፍለት ነበር። ዛሬ ወለሉ ላይ ደለቀው።

«እኔ ነኝ ልጄን የምቆልፈው?»

ኢክላስ ሹልክ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

«ማን አለህ?» አለች ጀነት።

«የየአብስራ እናት! ከሥራ ስትወጣ አገኘችኝና፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያለ ‹ሙደሲር፣ ስለ አላህ ብለህ ልጅቷን ልቀቃት፤ የአብስራ አጠገቧ ትተኛለች› አትለኝም! ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያወራዋል አሉ። አብሮኝ የሚሠራው ፋዮ ሳይቀር ‹አንተ ሰውዬ፣ ሳናውቅህ አክራሪ ነበርክ እንዴ?› ብሎ ሳቀብኝ። ስንት ዓመት ከአንድ ሰሃን አብሮኝ የበላ ፋዮ! እኔ ምን አደረግኩ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

ጀነት ሁሉንም ነገረችው። የልጅቷን ውሸት ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው፤ የራሷ «እሺ» ላይ ስትደርስ ድምፇ ወረደ። ሙደሲር ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን አውልቆ፣ ሌላውን ክሩን እንደያዘ ቀረ።

«አንቺም?» አለ። «እሷስ ልጅ ናት። አንቺ ስሜን እዚያ ጥለሽው ወጣሽ?»

«ብር የለንም ማለት አቃተኝ።»

«እኔን አክራሪ ማስባል ግን አላቃተሽም።»

እውነቱን ነው። ሙደሲር ቆሞ ማሽኑን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ልጅቷ ትሄዳለች» አለ። «ይሄን እሸጠዋለሁ። ፋዮ የሚያውቀው ገዢ አለ፤ ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ሰኞስ በምን ትሠራለህ?»

«ጉልበት አለኝ። ለሰው በቀን እሠራለሁ።»

«ለሁለት አዳር ብለህ? ሙደሲር፣ ያምሃል?»

«ላንጋኖ ባፍንጫዬ ይውጣ! ለስሜ ነው የምሸጠው! ልጁን ቆለፈ ሲሉኝ ከመኖር ብለምን ይሻለኛል!»

ጀነት ባሏን ታውቀዋለች። ለዘብተኛ ሰው ነው፤ አንዴ ከከረረ ግን በልመና አይመለስም። ያ ማሽን ከተሸጠ ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እነ ቢላል የሚበሉት አይኖርም፤ የእሷ መጋረጃ ብቻውን ኪራዩንም አይሸፍን። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። የባሏ ስም የጠፋው በሰው ፊት ነው። የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። የሚመልሰውም ሰው ያው እሷ ናት።

የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አባትና እናት ሁሉ ጉልበቱ አገጩን እየነካው የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አቶ ጋሻው ግድግዳው ላይ የሐይቅ ፎቶ እያሳየ ስለ ወፎች፣ ስለ አየር ለውጥና ስለ ሕፃናት አእምሮ ዕድገት ብዙ አስረዳ።

ዋጋው የጸደቀው እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ባለፈው ስብሰባ ነው። ያኔም «ተቃውሞ ያለው ወላጅ አለ?» ተብሎ ተጠይቋል። እያንዳንዱ ጎኑ ያለውን ሰው አየና፣ «ይሄ አለው፤ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ዝም አለ። ዝም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አጨበጨቡ! ጀነት ራሷ አጨብጭባለች። አሥራ ሁለት ሺህ ብር በጭብጨባ አለፈ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ደስ የሚለው» አለ አቶ ጋሻው «አብዛኛው ወላጅ ከፍሏል። በሃይማኖትና በባህል ምክንያት ያመነቱ ቤተሰቦችም ነበሩ፤ እነሱም እየተወያዩበት ነው። ለውጥ ቀስ በቀስ ነው።» ዐይኑ ጀነት ላይ አረፈና ፈገግ አለላት። የተወሰኑ ሰዎችም ዞረው አዩዋት።

ጀነት ብድግ አለች። ትንሿ ወንበር ቀሚሷን ይዛ አብራት ተነሣችና ወለሉ ላይ ወደቀች።

«አቶ ጋሻው፣ አንድ ነገር ላስተካክል» አለች። «ባሌ ልጁን አልከለከለም። ሃይማኖታችንም በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም። ልጄ ዋሽታለች። እኔም ያን ዕለት ቢሮዎ ውስጥ ውሸቷን ሰምቼ ‹እሺ› ብዬ ወጣሁ። ነገሩ ይሄ ነው፤ ብር የለንም። ብር የለንም!»

ሁለተኛው ጩኸት ሆኖ ነው የወጣው። ጫፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ያቀፈችው ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ።

«ወይዘሮ ጀነት» አለ አቶ ጋሻው «እንዲህ ያለውን በግል መጥተው ቢነግሩን…»

«በግል ነበር የመጣሁት! ‹ምን ቸገራችሁ› ብለው ጠየቁኝ? ገና ስቀመጥ ባሌን በር ቆላፊ አደረጉት። ይሄን ሻርፕ ባላደርግ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ብር አልነበረም?»

«እኔ በቅን ልቦና ነው…»

«በቅን ልቦናዎ ባሌ እንጀራውን ሊሸጥ ነው!» የፊት ለፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ያዘች። «ልጄ ድሃ ከምትባል እምነቷ ቢታማ መረጠች። ይሄን ያስተማራት ያ ማይክሮፎናችሁ ነው። በፈቃደኝነት ነው ትላላችሁ፣ ፈቃዱ ያልሆነውን ሕፃን ግን አቁማችሁ ታስጎበኛላችሁ። ስም መጥራቱን አቁሙ። ሌላ የምለምነው የለኝም። ጉዞው ይቅርብን።»

«ይታሰብበታል» አለ አቶ ጋሻው፣ ሰዓቱን እያየ።

ጀነት ወደ ወላጆቹ ዞረች። «የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ?»

አንዱ ስልኩን ይነካካል። ሌላው የታሰረ የጫማ ክሩን ፈትቶ ያስራል። ሠርካዲስ ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር ትፈልጋለች። ጀነት ወንበሯን አንሥታ ተቀመጠች፤ አቶ ጋሻውም ወደ ወፎቹ ተመለሰ።

ስብሰባው ሲያልቅ ደረጃው ላይ መጡባት። አንዷ ክንዷን ያዝ አድርጋ «ልክ ነሽ፣ እህቴ» ብላ አለፈች። አንድ አባት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ «የልባችንን ነው የተናገርሽልን» አለና፣ አቶ ጋሻው እየመጣ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞር አለ። ከስብሰባው ዝምታ ይልቅ ጀነትን ያቃጠላት ይሄ ነው። ልባቸውን ተናገረችላቸው አሉ! አፍ የላቸውም?

መጨረሻ ላይ ሠርካዲስ መጣች፤ ዐይኗ ቀልቷል።

«ጀኒ፣ ይቅር በይኝ። ሙደሲርን የተናገርኩት ሳላውቅ ነው። እኔ ራሴ እኮ…» ግራ ቀኝ አየች። «ከመሥሪያ ቤት ቁጠባ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ቅድም ስጠይቅ የት ነበርሽ?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ!»

«ልጅሽ ማክሰኞ ማክሰኞ እንደምትጾም ታውቂያለሽ?»

ሠርካዲስ ግራ ገባት። «ማክሰኞ? ማክሰኞ ምን ጾም አለ?»

«እሷን ጠይቂያት» አለች ጀነት። «ያንቺም የእኔም ልጅ በእምነታቸው ገበናችንን እየሸፈኑልን ነው። ሰው ምን ይለኛልን ከየት እንደተማሩት አሁን አልጠፋሽም መቼም።»

መልሷን ሳትጠብቅ ወረደች። ከግቢው እንደወጣች ለሙደሲር ደወለች።

«ሰውየው መጣ?»

«መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።»

«መልሰው። ተናገርኩ። ባሌ አልከለከለም፣ ብር የለንም አልኩ።»

ከስልኩ ውስጥ ብረት የሚቆርጥ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«በሰው ፊት?» አለ።

«በሰው ፊት። ጮኼ።»

«የለንም አልሽ?»

«አልኩ።»

«እንግዲያ ልመልሰው» አለ ሙደሲር። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። አንዱን ስድብ ከላዩ አንሥታ ሌላ እንዳሸከመችው ጀነት አላጣችውም፤ ይህኛው ግን ቢያንስ እውነት ነው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ አራተኛ ፎቅ ደርሷል። ኢክላስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ጀነት ትከሻዋን ስትነካት እጇን ወረወረችባት።

«ለምን ተናገርሽ? የአብስራ ደውላልኛለች! ሁሉም ሰምቷል!»

«የሚያሳፍር ነገር አልተናገርኩም።»

«ለአንቺ ነዋ! አንቺ ተናግረሽ ሱቅሽ ትሄጃለሽ። ሰኞ እዚያ የምገባው እኔ ነኝ! የሚጠሩት እኔን ነው!»

«አይጠሩሽም። ነግሬያቸዋለሁ።»

«ይጠሩኛል» አለች ኢክላስ፣ ትራሱ ውስጥ።

ሰኞ ጠዋት ጀነት ወደ ሱቋ አልሄደችም። የሰንጋ ተራው መጋረጃ ለዛሬ ቀጠሮ ነበር፤ ደንበኛው ሲደውልም አላነሣችም። ልጆቹን ይዛ እስከ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ኢክላስ መንገዱን ሙሉ አላናገረቻትም፤ ቢላል ብቻ በመሀላቸው እየዘለለ ይለፈልፋል።

«ወላጅ ከዚህ አያልፍም፣ የኢክላስ እናት» አሉ ጋሽ ነጋ በሩ ላይ።

«ዛሬ ያልፋል፣ ጋሽ ነጋ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አሮጌው ሰው ፊቷን አዩና በሩን ለቀቁላት።

ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ፣ መዝሙሩም አለቀ። ጀነት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። የኢክላስ ክፍል አስተማሪ መምህር ቶሌሳ ማይክሮፎኑን ይዞ ስለ ጽዳት ተናገረ፣ ስለ ማርፈድ ተናገረ። አለፈልን ብላ ስትተነፍስ፣ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። እሱም የወደደው አይመስልም፤ ቀና ሳይል ነው ያነበበው።

«ለትምህርታዊ ጉዞው ክፍያ ያላጠናቀቃችሁ፣ ስማችሁ ሲጠራ ወደ ፊት ውጡ።»

ባሮክ ስሙ እስኪጠራ አልጠበቀም። እጁን ኪሱ ከትቶ ወጣና የለመደው ቦታ ላይ ቆመ።

«ኢክላስ ሙደሲር።»

የስድስተኛ ክፍል ሰልፍ ሁሉ ዞረ። የአብስራ መሬት መሬት አየች። ኢክላስ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና አንድ እግሯን ከመስመሩ አወጣች። ጀነት ከግድግዳው እንዴት እንደተላቀቀች አታውቅም፤ በሰልፉ መሀል ሰንጥቃ ደርሳ ልጇን ትከሻዋ ላይ ያዘቻት።

«ቁሚ» አለቻት። «ሰልፍሽን አትልቀቂ።»

ኢክላስ ቆመች።

«አቤት!» አለች ጀነት፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። ወደ ፊት ሄደችና ከባሮክ አጠገብ ቆመች። ትንንሾቹ ልጆች ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ተዉት።

መምህር ቶሌሳ ማይክሮፎኑን ከአፉ አራቀ። «እናት፣ የተማሪዋን ስም እኮ ነው የጠራሁት።»

«ሰምቻለሁ። እሷ ተማሪ ናት፤ የተማረችውን ይጠይቋት። ያልከፈልኩት እኔ ነኝ።»

ከላይኛው ፎቅ አቶ ጋሻው ኮቱን እያጠለቀ በደረጃው ሲወርድ ይታያል። ጀነት ሻርፗን አጠበቀችና እግሯን አደላድላ ቆመች።

«ይቀጥሉ፣ መምህር» አለች። «የሚቀጥለውን ወላጅ ይጥሩ።»